አዘነለት፣ አዘነበት፦ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ከማን ጋር ይውላሉ?

«አዘነለት» እና «አዘነበት» አንድ ናቸው ብሎ የሚከራከር አማርኛ ተናጋሪ የለም። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ እናቱ «አዘንኩልህ» ስትለው ጉያዋ ይገባል፤ «አዘንኩብህ» ስትለው ግን ምን እንዳጠፋ ማሰብ ይጀምራል። ግሱ ያው «አዘነ» ነው። ትርጉሙን ወዲያና ወዲህ የወሰዱት ከኋላ የተቀጠሉት «ለ» እና «በ» ናቸው። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»፣ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ሲባልማ ችሎት ደጃፍ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ዕጣው በሙሉ በእነዚህ ሁለት ፊደላት ላይ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ እንግሊዝኛ ለመጻፍ ነው። ተማሪን ከሚያሰለቹት የሰዋስው ክፍሎች አንዱ ቅጽል ከመስተዋድድ ጋር፣ ማለትም እንደ እኛ «ለ» እና «በ» ካሉ አያያዥ ቃላት ጋር፣ የሚጣመርበት መንገድ ነው፦ «ጉድ አት»፣ «አፍሬይድ ኦፍ»፣ «ኢንተረስትድ ኢን»፣ «ሬስፖንሲብል ፎር»። ብዙዎቻችን የተማርነው በሰንጠረዥ ነው። በግራ ቅጽሉ፣ በቀኝ መስተዋድዱ፣ ከዚያ ሽምደዳ። እኔ ግን ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም ባይ ነኝ። ከ«አዘነለት» እና «አዘነበት» ተነስተን ብናስተምረው ግማሹ መንገድ በገዛ ቋንቋችን የተጠረገ ነው።

በሳምንቱ የሥራ ቀናት ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ ሠራተኞች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የደሴዎቹ ተማሪዎቼ ፈተና ማለፍ ይፈልጋሉ። የኮምቦልቻዎቹ የሚፈልጉት ከውጭ አገር አለቆቻቸው ጋር መግባባት ነው፤ ስለዚህ አንዲት መስተዋድድ ምን ያህል ዋጋ እንደምታስከፍል ያየሁት በእነሱ ነው።

አንዲት የካሉ ወረዳ ልጅ አለች፣ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ። ትዕዛዝ በዝቶ የሥራው ሰዓት የረዘመበት ሰሞን ነበር። የውጭ አገሩ ተቆጣጣሪ መጥቶ ዛሬ ለምን እጅሽ ዘገየ ሲላት «አይ አም ታየርድ ኦፍ ዘ ወርክ» ብላ መለሰች። ደክሞኛል ማለቷ ነበር። እሱ የሰማው ግን «ሥራው ሰልችቶኛል፣ በቅቶኛል» የሚል ነው። በማግስቱ ቢሮ ጠርተው፣ መልቀቅ ከፈለግሽ ቀደም ብለሽ አሳውቂን አሏት። ቅዳሜ ክፍል ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «ቲቸር፣ እኔ ደከመኝ ነው ያልኩት። ወላሂ ሌላ አልተናገርኩም» አለችኝ።

ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ። 10ኛ ክፍል እያለች የጻፈችበት ነው፤ ጠርዙ ወይቧል፣ ገጹ መሐል ለመሐል በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። «ታየርድ» ይላል፤ ትይዩው «ኦፍ»። «አፍሬይድ»፣ «ኦፍ»። «ፕራውድ»፣ «ኦፍ»። «ሜሪድ»፣ «ቱ»። ጽሕፈቷ ያምራል፣ ስርዝ ድልዝ የለበትም፣ ስሕተትም የለበትም። «ታየርድ ኦፍ» ደህና እንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙ ግን «ሰለቸኝ» ነው። ድካሙ ከሥራ የመጣ ሲሆን «ታየርድ ፍሮም» ይባላል። እንዲያውም «አይ አም ታየርድ» ብላ ብታቆም ይበቃት ነበር።

የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ልጅቷ ሰንጠረዡን ባታውቀው ኖሮ፣ «ከሥራ ደክሜ መጣሁ» የምትለውን አማርኛዋን እንዳለች ብታሻግራት ኖሮ፣ «ከ» ወደ «ፍሮም» ትወስዳት ነበር፤ ልክም ትሆን ነበር። ግን አጥንታለች፤ ልቅም አድርጋ አጥንታለች። ያጠናችው ነገር እያንዳንዱ ቅጽል አንድ መስተዋድድ ብቻ ያለው፣ መስተዋድዱም ምንም የማይናገር ጭራ መሆኑን ነው ያስተማራት። ሰኞ ለተቆጣጣሪዋ የምትነግረውን ሁለት ዓረፍተ ነገር አብረን አዘጋጀን፤ አስረዳችው፤ ነገሩም በሰላም አለፈ።

አማርኛ ለዚህ ነገር ሁለት ግስ አለው፣ «ደከመኝ» እና «ሰለቸኝ»። እንግሊዝኛ አንድ ቅጽል ይዞ በመስተዋድድ ይለየዋል፤ ልክ እኛ «አዘነ»ን ይዘን በ«ለት» እና በ«በት» እንደምንለየው። ይህን ለክፍሉ ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «እና እነሱም አዘነለት አዘነበት አላቸው ማለት ነው?» አለ። አዎ፣ አላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ትርጉማቸው በመስተዋድድ ከሚገለበጡት ጥንዶች ነው። የመጀመሪያዋ «አፍሬይድ» ናት። «አይ አም አፍሬይድ ኦፍ ዩ» ማለት «ፈራሁህ» ነው፤ «አይ አም አፍሬይድ ፎር ዩ» ደግሞ «ፈራሁልህ»፣ ማለትም አንድ ክፉ ነገር እንዳይደርስብህ ሠጋሁ። ሌሊት ፈረቃ ወርዳ ብቻዋን ወደ ቤቷ የምትሄድ ጓደኛዋን «አይ አም አፍሬይድ ኦፍ ዩ» የምትል ልጅ ምን እንዳለች አስቡት። ይህን ጥንድ ሁለት ጊዜ ማስረዳት አስፈልጎኝ አያውቅም። አማርኛው ውስጥ «ል» ቁጭ ብላለች፤ እሷን «ፎር» ብሎ ማውጣት ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ «ሬስፖንሲብል» ናት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ተጠሪነቱ ለ…» የሚለውን ሐረግ ያውቀዋል። ያ «ሬስፖንሲብል ቱ» ነው። የምትመራው ሥራ፣ የምትጠብቀው ዕቃ፣ የምትይዛቸው ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ «ሬስፖንሲብል ፎር» ይሆናል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ልጆች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ «ተጠሪነቴ ለማን ነው፣ ኃላፊነቴ የምን ነው» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ለዘመናት የኖረ የቢሮ ጥያቄ ነውና። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ተማሪዬ «አይ አም ሬስፖንሲብል ቱ ዘ ስቶር ማኔጀር፣ ኤንድ ፎር ዘ ስፔር ፓርትስ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሲናገር እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ጉድ» ደግሞ ሰፊ ቤተሰብ አላት። እሷን የማስተምረው በአያቴ ነው። አያቴ ስፌት ላይ ጎበዝ ነበረች፤ ሰፌዱም ሌማቱም ከእጇ ሲወጣ የተሣለ ይመስላል፤ «ጉድ አት»። ሕፃን መያዝ ትችላለች፤ የጎረቤት አልቃሻ ልጅ ሁሉ ከእሷ ዘንድ ሲመጣ ዝም ይላል፤ «ጉድ ዊዝ»። ለእኔ ደግ ነበረች፤ «ጉድ ቱ»። ለጉንፋን የምታፈላው ዝንጅብል ለጉሮሮ ጥሩ ነው፤ «ጉድ ፎር»። አማርኛው አራት የተለያየ አነጋገር አስፈልጎታል፦ ጎበዝ፣ ትችላለች፣ ደግ፣ ጥሩ። እንግሊዝኛው በአንድ ቅጽል አራቱንም ይዞራቸዋል። «ጉድ»ን ብቻዋን «ጥሩ» ብሎ ያጠና ተማሪ ከአራቱ አንዷን እንጂ ሦስቱን አላገኘም። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ስንሠራ ተማሪዎቹ የየራሳቸውን አያት ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ አያቷ ቡና አፍልተው በረካ እስኪደርስ የሰውን ሁሉ ሆድ እንደሚያውቁ በ«ጉድ አት ሊስኒንግ» ጽፋ ስታነብ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት።

በነገራችን ላይ «ካይንድ» የምትባለው ቅጽልም ልብ ትባል። «ካይንድ ቱ ዩ» ሲባል ሰውየው ለአንተ ደግ ሆነልህ ማለት ነው። «ካይንድ ኦፍ ዩ» ሲባል ደግሞ ደጉ አንተው ነህ፤ ያደረግከው ነገር የአንተን ደግነት ያሳያል። አንዷ ተቀባዩን፣ ሌላዋ ሰጪውን ትጠራለች። የምስጋና ኢሜይል ላይ ሁለቱ ሲቀያየሩ ምስጋናው ባለቤቱን ይስታል።

«አንግሪ» ሌላ ነገር ታስተምራለች። እኛ በሰውም በነገርም «በ» እንላለን፤ በእሱ ተናደድኩ፣ በመዘግየቱ ተናደድኩ። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን «አንግሪ ዊዝ» ወይም «አንግሪ አት»፣ ነገሩን «አንግሪ አባውት» ይላል። ልዩነቱ ለሥራ ቦታ ትልቅ ነው። «ተናድጃለሁ፣ ግን በዘገየው ዕቃ እንጂ በአንተ አይደለም» ለማለት የሚፈልግ ሰው ሁለት መስተዋድድ ያስፈልገዋል። ይህን የቻለ ሠራተኛ ጠብን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያበርዳል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ትርጉም ያላቸው ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ግን ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከራሳችን «በ» ይመነጫል። «በ» ሆደ ሰፊ ናት። አባት በልጁ ይኮራል፣ ተማሪ በሂሳብ ይጎብዛል፣ ሠራተኛ በደመወዙ ይረካል፣ ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ አገር በማዕድን ይበለጽጋል፣ ወሎ በቅኝቶቿ ትታወቃለች። ለሁሉም አንድ «በ» ትበቃለች። እንግሊዝኛው ግን «ፕራውድ ኦፍ»፣ «ጉድ አት»፣ «ሳቲስፋይድ ዊዝ»፣ «ጀለስ ኦፍ»፣ «ሪች ኢን»፣ «ፌመስ ፎር» ይላል። «በ»ን ያሰበ ተማሪ ፈጥነው ወደ አፉ የሚመጡለት «ኢን» እና «ባይ» ስለሆኑ «ፕራውድ ባይ»፣ «ፌመስ ባይ» ሲል ይገኛል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አንዲት ፊደል አምስት ቦታ ስትከፈል እያየ ግራ ገብቶት ነው።

እዚህ ላይ ደንብ ማውጣት ብዙም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገር ማብዛት ነው። «ወሎ ኢዝ ፌመስ ፎር…» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ጠመኔውን ለተማሪዎቹ እሰጣለሁ። አንዱ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ይጽፋል። ሌላዋ የባቲን የሰኞ ገበያ ትጨምራለች። የደሴ ልጅ የሆነ ሁሉ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ሳይጠራ አይቀመጥም። ሰሌዳው ሲሞላ «ፌመስ ፎር» የምትለዋ ጥምረት በሁሉም አፍ ብዙ ጊዜ ተብላለች። ከዚያ በኋላ «ፌመስ ባይ» ለጆሯቸው ራሱ ይጎረብጣል። የምፈልገው ያንን መጎርበጥ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አማርኛው ምንም መስተዋድድ የለውም። «ውሻ እፈራለሁ» እንላለን፤ «ጅብ ይፈራል»። እኛ ዘንድ መፍራት ግስ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «አፍሬይድ» የሚል ቅጽል ይዞ የ«መሆን»ን ግስ ከፊቱ፣ «ኦፍ»ን ከኋላው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ተማሪው «አይ አፍሬይድ ዶግስ» ሲል ሁለት ነገር ጎድሎታል፤ ሁለቱም አማርኛው ውስጥ የሉም። «አፍሬይድ ፍሮም» የሚሉም አሉ፤ ከሚፈሩት ነገር መሸሽ ስላለ ይመስለኛል። ብዙዎቹ የስሜት ቃሎቻችን፣ ኮራ፣ ቀና፣ ረካ፣ አፈረ፣ ተገረመ፣ ግሶች ናቸው። እንግሊዝኛው በቅጽል የሚላቸው እነዚህኑ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በግልጽ የተነገረው ተማሪ «አም»ን እና «ኢዝ»ን የሚረሳበት ምክንያት ይገባዋል፤ ማስታወስም ይቀለዋል።

የሚገጣጠሙበት ቦታም ሞልቷል፤ እሱን መንገር ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ለፈተና ዝግጁ ነኝ፣ «ረዲ ፎር»። ደሴ ከኮምቦልቻ ትለያለች፣ «ዲፈረንት ፍሮም»። ለአገሩ ታማኝ ነው፣ «ሎያል ቱ»። ኮምቦልቻ ለደሴ ቅርብ ናት፣ «ክሎዝ ቱ»፤ ከአዲስ አበባ ግን ሩቅ ናት፣ «ፋር ፍሮም»። «ለ» ወደ «ቱ» ወይም «ፎር»፣ «ከ» ወደ «ፍሮም» ሲሄዱ ማየት ተማሪው አማርኛውን እንደ እንቅፋት እንዳያይ ያደርገዋል። የሚከዱን ጥቂት ናቸው፤ በተለይ «ጋር»። ከእሷ ጋር ተጋባ እንላለን፤ እነሱ «ሜሪድ ቱ» ይላሉ። ከዚህ ጋር ይመሳሰላል እንላለን፤ እነሱ «ሲሚላር ቱ» ይላሉ። «ዊዝ» ማለት እየቃጣን የምንወድቀው እዚህ ነው።

ከላቲን የመጡት ቅጽሎች የራሳቸው ወግ አላቸው። ብዙዎቹ መስተዋድዳቸውን በቃሉ መነሻ ላይ ተሸክመው ነው የመጡት። «አብሰንት» (የቀረ፣ የሌለ) መጀመሪያው ላይ ያለው «አብ» በላቲን «ከ» ማለት ነው፤ እንግሊዝኛውም «አብሰንት ፍሮም» ይላል። «አድጀሰንት» (አጎራባች) ላይ ያለው «አድ» «ወደ» ነው፤ «አድጀሰንት ቱ»። «ኮምፓቲብል» (የሚስማማ) ላይ ያለው «ኮም» «ጋር» ነው፤ «ኮምፓቲብል ዊዝ»። እንዲህ መስተዋድዱ ሁለት ጊዜ ሲነገር ማየት ያስደስታል፤ አንዴ በሮማ አፍ፣ አንዴ በእንግሊዝ አፍ። ሁሌ ግን አይሠራም። «ዲፔንደንት ኦን» ተብሎ፣ ፊቱ ላይ «ኢን» ሲጨመርበት «ኢንዲፔንደንት ኦፍ» ይሆናል፤ ጥገኛው ላይ የነበረው «ኦን» ነፃ ሲወጣ ይቀየራል።

ምክንያት የማይገኝላቸውም አሉ፤ ይህን ለተማሪ በግልጽ መንገር ይገባል። አንድን ነገር መውደድን ወይም መፈለግን የሚናገሩ ሦስት ቅጽሎች ውሰዱ፦ «ኢንተረስትድ ኢን»፣ «ፎንድ ኦፍ»፣ «ኪን ኦን»። ስሜቱ ጎረቤት ነው፣ መስተዋድዱ ሦስት ነው። ምክንያት ፈልፍሎ ለተማሪ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው። እነዚህን እንደ አንድ ቃል መያዝ ብቻ ነው፤ «ኢንተረስትድኢን» ተብሎ ተጋጥሞ የተጻፈ ያህል። የአማርኛ ተማሪ የሆነ ፈረንጅም «ራበኝ» ውስጥ ያለችውን «ኝ» ለምን እኔ ሳልሆን ረኃቡ ባለቤት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ «እንዲሁ ነው የሚባለው» ከማለት ሌላ ብዙም መልስ የለንም።

የፈተና ነገር እዚህ ይነካኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ የ9ኛ ክፍል ልጅ የባዮሎጂ መጽሐፉን ሲገልጥ «ሬዚስታንት ቱ»፣ «ሴንሲቲቭ ቱ»፣ «ሪች ኢን»፣ «ካፔብል ኦፍ» ይጠብቁታል። አንድ ተህዋስ መድኃኒቱን ተቋቋመ ማለት መሆኑን የሚነግረው ያቺ «ሬዚስታንት»ን የተከተለች «ቱ» ናት። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ያልተያዘ መስተዋድድ ባዮሎጂ ላይ፣ ኬሚስትሪ ላይ፣ ታሪክ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። እኛ ግን ይህን ሁሉ የምንለካው በባዶ ቦታና በአራት ምርጫ ነው፦ «ሺ ኢዝ ዲፈረንት ባዶ ቦታ ኸር ሲስተር»።

ያቺ «ዲፈረንት» ራሷ አንድ መልስ ብቻ ያላት አይደለችም። «ዲፈረንት ፍሮም» በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። እንግሊዞች በንግግር «ዲፈረንት ቱ» ይላሉ፤ አሜሪካኖች «ዲፈረንት ዛን» ይላሉ። «ቦርድ»ም (የሰለቸው) እንዲሁ ናት፤ የቆዩት መጻሕፍት «ዊዝ» እና «ባይ» ብቻ ሲያስተምሩ ወጣቱ ዛሬ «ቦርድ ኦፍ» ይላል። ጎበዝ ተማሪዎቼ ዩቲዩብ ላይ የሰሙትን ይዘው መጥተው «ይሄ ስሕተት ነው እንዴ?» ይሉኛል። ስሕተት አይደለም እላቸዋለሁ፤ ለፈተና «ፍሮም»ን ያዙ፣ ሌላውን ስትሰሙ ግን አትደንግጡ። ሌላ ምን ልበላቸው?

ደግሞስ መስተዋድዶቹ ለምን አይሰሙም? ተማሪው ዜና ያዳምጣል፣ ፊልም ያያል፤ ሆኖም «ፕራውድ ኦፍ» ሲባል የሚሰማው «ፕራውድ» ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዓረፍተ ነገር መሐል ያለ መስተዋድድ ላይ አይቆምም። «ኦፍ» ሳስቶ «ኧቭ» ይሆናል፣ «ቱ» «ተ» ትሆናለች፣ «አት» «ኧት» ይሆናል። አማርኛ እያንዳንዱን ክፍለ ቃል በልኩ ስለሚያሰማ ጆሯችን ያልተነገረ ያህል ያልፈዋል። ስለዚህ «ብዙ አዳምጡ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ምን እንደሚያዳምጡ ማሳየት ያስፈልጋል። መስተዋድዱ ሙሉ ድምፅ የሚያገኘው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ነው፤ ያም በጥያቄ ውስጥ ይገኛል። «ዋት አር ዩ አፍሬይድ ኦፍ?»፣ «ሁ ኢዝ ሺ አንግሪ ዊዝ?»፣ «ዋት አር ዩ ኢንተረስትድ ኢን?» እኛ «በምን?»፣ «ከማን ጋር?»፣ «ለማን?» ብለን መስተዋድዱን ጥያቄው ላይ አጣብቀን ከፊት ስለምንጀምር፣ ተማሪዎቻችን መጨረሻ ላይ ያለችውን ይጥሏታል፤ «ዋት አር ዩ ኢንተረስትድ?» ይላሉ። እኔ በጥያቄ ማስለመድን የምወደው ለዚህ ነው። ጥያቄው መስተዋድዱን ጮክ አድርጎ ያሰማል፣ መልሱ ደግሞ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ከመስተዋድድ በኋላ ግስ ሲመጣ «ኢንግ» ይዞ ይመጣል፦ «ጉድ አት ሶዊንግ»፣ «ኢንተረስትድ ኢን ለርኒንግ»። ይህንንም አማርኛው አስቀድሞ ያውቀዋል። «በሰፋ ጎበዝ ናት» አንልም፤ «በመስፋት» እንላለን። ግሱ መስተዋድድ ሊከተል ሲል ስም ይሆናል፤ እኛ «መ»ን ከፊት እንቀጥላለን፣ እነሱ «ኢንግ»ን ከኋላ። አንዷ ግን መለየት አለባት። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዌኪንግ አፕ ኧርሊ» ማለት ማልዶ መነሣት ለምጃለሁ ነው፤ «አይ ዩዝድ ቱ ዌክ አፕ ኧርሊ» ደግሞ ድሮ ማልጄ እነሣ ነበር፤ አሁን ቀርቷል። የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞቼ ይህን ለመያዝ አልተቸገሩም፤ አንደኛዋ የዛሬ ኑሯቸው ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸውና፣ ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻ የተቀጠረ አንድ ልጅ «አይ አም ኖት ዩዝድ ቱ ዘ ሂት» ብሎ ጃኬቱን ሲያወልቅ ክፍሉ አጨበጨበለት።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዛዊው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ በ1924 እ.ኤ.አ. ጃፓን ሄዶ ዓመታት ሲያስተምር፣ ተማሪ የሚቸገረው በቃሉ ትርጉም ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከምን ጋር እንደሚቀመጥ ባለማወቁ ጭምር መሆኑን ተረዳ። ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት በ1942 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ታተመ፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ አወጣው፤ ዛሬ በብዙ አገር ተማሪ እጅ ያለው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከዚያ የመጣ ነው። በዚህ ዓይነቱ መዝገበ ቃላት ቅጽሉ ሥር መስተዋድዱ ደመቅ ብሎ ይጻፋል፣ ምሳሌም ይከተለዋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙት ብዙዎቹ ግን «ታየርድ፦ የደከመው» ብለው ያልፋሉ። ለተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛውን እንዲጭኑ የምወተውተው ለዚህ ነው፤ ትርጉሙ ባይገባቸው እንኳ ደምቃ የተጻፈችውን መስተዋድድ እንዲያዩ።

ሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቃቸው ደግሞ የጥያቄ አወጣጣችንን እንድንለውጥ ነው። ባዶ ቦታውን ተዉት አልልም፤ ከጎኑ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይግባ። «ሂ ኢዝ አፍሬይድ ኦፍ ሂዝ ብራዘር» እና «ሂ ኢዝ አፍሬይድ ፎር ሂዝ ብራዘር» ብለን ሁለቱንም እንጻፍና፣ ከሁለቱ ወንድሙ አደጋ ላይ ያለበት የትኛው እንደሆነ እንጠይቅ። «ሺ ኢዝ ታየርድ ፍሮም ወርክ» እና «ሺ ኢዝ ታየርድ ኦፍ ወርክ» ብለን፣ አንድ ቀን ዕረፍት የሚበቃት የትኛዋን እንደሆነ እንጠይቅ። ባለፈው ሴሚስተር ለደሴ ተማሪዎቼ በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ፈተንኳቸው። መልስ መስጫ ወረቀታቸው ጠርዝ ላይ ብዙዎቹ በትንንሹ በአማርኛ «ፈራው»፣ «ፈራለት»፣ «ደከማት»፣ «ሰለቻት» ብለው ጽፈው ነበር።